የሜንዶዛ ስም፤ ከአንዲት የባስክ መንደር እስከ ባሕር ማዶ

ዛሬ የምናወሳው ስለ አንድ የስፔን ቤተ ሰብ ስም፣ ስለ ሜንዶዛ ነው። ይህ ስም በአርጀንቲና፣ በአንዲስ ተራሮች ግርጌ፣ በወይን ጠጇ የታወቀች ከተማ መጠሪያ ነው፤ በሜክሲኮና በፊሊፒንስ ብዙ ሕዝብ ይጠራበታል፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ አንድ ስመ ጥር አይሁዳዊ ቦክሰኛ ይዞት ኖሯል። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የሜንዶዛ ዘር እንደ አብርሃም ዘር በዝቶ ምድርን የሞላ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የቤተ ሰብ ስም በደም ብቻ የሚወረስ ሳይሆን በርስት፣ በክርስትና፣ በመንግሥት ዐዋጅም ጭምር ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር መሆኑን ከዚህ ስም ታሪክ አብልጦ የሚያስረዳ ማግኘት ያስቸግራል። ዘመናቱን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወደ ሜንዶዛ ከመግባታችን በፊት፣ በጥንት ዘመን የስፔን ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ይጠራሩ እንደነበር ጥቂት ማስረዳት ይገባል፤ ሥርዓቱም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በእኛ አገር የወርቁ ልጅ ደስታ ወርቁ፣ የደስታም ልጅ ታደሰ ደስታ እንደሚባል ሁሉ፣ በስፔን በካስቲልያ መንግሥትም የአባት ስም የልጁን ስም ይከተል ነበር። ልዩነቱ እነርሱ በአባት ስም መጨረሻ ላይ «ኤዝ» የምትል ቅጥያ መጨመራቸው ነው። የካስቲልያን ኮንቶች ዝርዝር የተመለከተ ሰው ይህን በግልጥ ያየዋል፤ ጎንዛሎ ፈርናንዴዝ ፈርናን ጎንዛሌዝን ወለደ፣ ፈርናን ጎንዛሌዝ ጋርሲያ ፈርናንዴዝን ወለደ፣ እርሱም ሳንቾ ጋርሴስን፣ ሳንቾም ጋርሲያ ሳንቼዝን ወለደ። ይህ የሆነው በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዓመት ነው፤ በአምስት ትውልድ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የተላለፈ አንድ ስም እንኳ የለም። በ1099 በቫሌንሲያ የሞተው፣ ኤል ሲድ የተባለው ስመ ገናና የጦር ሰው ሮድሪጎ ዲያዝም የዲዬጎ ልጅ ሮድሪጎ ማለት ነው።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን የኖሩት ሁለቱ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት፣ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝና ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም ስማቸው በዚሁ ሥርዓት የተቀረጸ ነው፤ ፓኤዝ የፓዮ ልጅ፣ ሜንዴዝም የሜንዶ ልጅ ማለት ነው። እዚህ ላይ፣ ሜንዴዝና ሜንዶዛ በድምፅ ስለ ተቀራረቡ ብቻ ከአንድ ሥር እንደ ወጡ አድርጎ የሚያስብ አድማጭ ቢኖር፣ እንደማይዛመዱ ቢገነዘብ መልካም ነው፤ አንደኛው ከሰው ስም፣ ሁለተኛው ከቦታ ስም የመጣ ነውና።

ከጊዜ በኋላ ግን ይህ የአባት ስም ልማድ በስፔን ቆመና ደረቀ። ጎንዛሌዝ የተባለው ሰው ልጅ፣ አባቱ ጎንዛሎ ባይባልም፣ እርሱም ጎንዛሌዝ ሆኖ ቀረ። ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የተሻገሩ ወገኖቻችን በመንግሥት ቅጽ ላይ «የቤተ ሰብ ስም» በሚለው ክፍት ቦታ የአያታቸውን ስም ሲጽፉ፣ የዚያ አያት ስም በልጅ ልጅ ልጆቻቸው ላይ ሁሉ ጸንቶ እንደሚቀር፣ በስፔንም እንዲሁ ሆነ፤ በስፔን ግን ነገሩ በቅጽ ሳይሆን በዘመናት ብዛት ቀስ በቀስ የተፈጸመ ነው። በሌላ በኩል የክርስትናው ስም ጥቂት ስለ ነበረ፣ ብዙ ፔድሮ ጎንዛሌዞችና ብዙ ዲዬጎ ሎፔዞች በአንድ አደባባይ በተገናኙ ጊዜ መለያ አስፈለገ። መኳንንቱም መለያቸውን ከያዙት ጉልት ወሰዱ፤ «ዴ» የምትለውን ቃል አስገብተው የእገሌ አገር ሰው ተባሉ።

እንግዲህ ሜንዶዛ ማለት ከዚህ ዓይነት ስም አንዱ ነው። በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ሕዝብ ምድር፣ አላቫ በሚባለው አውራጃ፣ ከቪቶሪያ ከተማ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ያህል ርቆ ሜንዶዛ የተባለ ትንሽ መንደር አለ፤ የጥንት ባለ ጉልቶቹ የሠሩት የድንጋይ ግንብም እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ስሙ ባስክኛ ነው፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት «ቀዝቃዛ ተራራ» ብለው ይተረጕሙታል። ባስክኛ ከስፓኒሽም ሆነ በዙሪያው ካሉት የአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ከእነርሱም አስቀድሞ በዚያ ተራራማ አገር የነበረ ልሳን ስለ ሆነ፣ ዛሬ በማኒላ ጎዳና የሚሄድ አንድ ሜንዶዛ ሳያውቀው ከአውሮፓ ጥንታውያን ልሳናት የአንዱን ቃል ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

የአላቫ ባለ ጉልቶች አሪያጋ በሚባል ስፍራ እየተሰበሰቡ አገሩን የሚያስተዳድሩበት ማኅበር ነበራቸው። አገሪቱ በ1200 ከናቫራ መንግሥት ወደ ካስቲልያ ንጉሥ እጅ ገባች፤ በ1332 ደግሞ ማኅበሩ ራሱን አፍርሶ ግዛቱን ለንጉሥ አልፎንሶ 11ኛ አስረከበ። በጠባቧ አገራቸው እርስ በርስ ሲዋጉ የኖሩት የአላቫ ቤቶች ከዚህ ወዲያ ክብርና ሀብት የሚገኘው በንጉሥ አደባባይ መሆኑን ተረዱ። ከሜንዶዛ ቤት ጎንዛሎ ያኜዝ የተባለው ወደ ደቡብ ወርዶ ከማድሪድ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በጓዳላሃራ ሚስት አገባ፤ ስሙንም ከባስክ ተራራ አውርዶ በካስቲልያ ሜዳ የተከለ እርሱ ነው።

ልጁ ፔድሮ ጎንዛሌዝ ዴ ሜንዶዛ የዘመኑን ነፋስ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነበረ። በንጉሥ ፔድሮና በወንድሙ በኤንሪኬ መካከል የርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከኤንሪኬ ጋር ቆመ፤ በ1367 በናሄራ ጦርነት ቢማረክም ኤንሪኬ ኋላ ድል አድርጎ ዘውድ በጫነ ጊዜ የሂታንና የቡይትራጎን ጉልት ተሸለመ። በ1385 የካስቲልያ ጦር በፖርቱጋል በአልጁባሮታ በተሸነፈ ጊዜ፣ በዚያን ጊዜ የነገሠው ንጉሥ ፈረሱ ሞቶበት ቢያየው የራሱን ፈረስ ሰጥቶ አሸሸውና እርሱ ከእግረኛው ጋር ወደ ውጊያው ተመልሶ ሞተ ተብሎ ይተረካል። የፈረሱ ነገር አፈ ታሪክ ቢሆን እንኳ በዚያ ጦርነት መሞቱ እርግጥ ነው፤ ይህ ሞት ለልጆቹ ያስገኘላቸው ባለሟልነትም ከጉልቱ ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። ልጁ ዲዬጎ ሁርታዶ የካስቲልያ አድሚራል ሆነ፤ የልጅ ልጁም ከ1398 እስከ 1458 የኖረው፣ በስፓኒሽ ሥነ ጽሑፍ የሳንቲያና ማርኪዝ እየተባለ የሚታወቀው ባለ ቅኔ ኢኚጎ ሎፔዝ ነው። በካስቲልያ ቋንቋ በኢጣልያኖች ሥርዓት ሶኔት ለመግጠም መጀመሪያ የሞከረ እርሱ ነው ይባላል፤ ለቤተ ሰብ ስም ታሪክ ግን ከግጥሞቹ ይልቅ ልጆቹ ይጠቅሙናል።

የአባታቸው ስም ኢኚጎ ነው፤ በጥንቱ ሥርዓት ቢሆን ሁሉም ኢኚጌዝ በተባሉ ነበር። ነገር ግን የበኵሩ ልጅ ስም ዲዬጎ ሁርታዶ ዴ ሜንዶዛ፣ የሁለተኛው ኢኚጎ ሎፔዝ ዴ ሜንዶዛ፣ የሌላው ሎሬንዞ ሱዋሬዝ፣ የሌላውም ፔድሮ ጎንዛሌዝ ዴ ሜንዶዛ ነው። የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ በመካከል ያለው ስማቸው ግን አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ልጅ የአንድ የሞተ ዘመዱን ስም፣ የክርስትናውንና የአባቱን ስም ሳይለይ፣ እንዳለ አንድ አድርጎ ስለ ወሰደ ነው። ፔድሮ ጎንዛሌዝ የተባለው በአልጁባሮታ የወደቀው የቅድመ አያቱ የፔድሮ ጎንዛሌዝ መታሰቢያ ሆነ እንጂ ጎንዛሎ የሚባል አባት ኖሮት አይደለም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ስም የወላጅ ምልክት መሆኑ ቀርቶ እንደ ሹመትና እንደ ርስት ከሙታን ወደ ሕያዋን የሚተላለፍ ሀብት ሆኖ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ከእነዚህ ወንድማማቾች የበኵሩ በ1475 የመጀመሪያው የኢንፋንታዶ ዱክ ተባለ፤ ልጁም በጓዳላሃራ ያሠራው ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ አለ። ፔድሮ ጎንዛሌዝ ግን በቤተ ክርስቲያን ሹመት ላይ ሹመት ጨምሮ ካርዲናል፣ ኋላም የቶሌዶ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ፤ በንግሥት ኢሳቤላና በንጉሥ ፈርናንዶ ፊት ኃይሉ ከመብዛቱ የተነሣ ሕዝቡ «ሦስተኛው የስፔን ንጉሥ» ይለው ነበር። ያለ ሚስት በንጽሕና መኖር የሚጠበቅበት ይህ ታላቅ ካህን ልጆችም ነበሩት፤ ንግሥቲቱ «የካርዲናሉ ውብ ኃጢአቶች» ትላቸው ነበር ይባላል። የበኵር ልጁንም ሮድሪጎ ዲያዝ ዴ ቪቫር ዴ ሜንዶዛ ብሎ ጠራው። አድማጮቻችን እንደምታስታውሱት ሮድሪጎ ዲያዝ የኤል ሲድ ስም ነው፤ ዲያዝም የዲዬጎ ልጅ ማለት ነው። ፔድሮ የተባለ አባት ልጁን የዲዬጎ ልጅ ብሎ መጥራቱ ቤቱ ከዚያ ከጥንቱ ጀግና ይወለዳል የሚለውን የዘር ሐረግ ለማጽናት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በስፔን የዘር ቈጠራ ውስጥ ብዙው ነገር እንዲህ ተፈልጎ የተሠራ ስለ ሆነ፣ የመኳንንቱን የትውልድ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከእምነቱ ይልቅ ጥርጣሬውን አስቀድሞ ቢይዝ ይሻለዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ የቤቱ ተወላጆች ስሙን ሳይዙ የሚኖሩበት ጊዜ ነበረ። የእስላሞች ከተማ የነበረችው ግራናዳ በ1492 ከተያዘች በኋላ የአልሐምብራ ግንብ አዛዥ የሆነው፣ የካርዲናሉ የወንድም ልጅ፣ የቴንዲያ ኮንት ኢኚጎ ሎፔዝ ዴ ሜንዶዛ ብዙ ልጆች ነበሩት። ልጁ አንቶኒዮ ዴ ሜንዶዛ በሜክሲኮ የንጉሥ እንደራሴ ሆነ፤ ሌላው ልጁ ዲዬጎ ሁርታዶ ባለ ቅኔና አምባሳደር ነበረ። ሴት ልጁ ግን በእናቷ ስም ማሪያ ፓቼኮ ተባለች። የዛሬ ሰው ማሪያ ፓቼኮ የሚለውን ስም በታሪክ መጽሐፍ ሲያገኝ የሜንዶዛ ልጅ ናት ብሎ ሊገምት አይችልም፤ እርስዋም ከወንድሞችዋ መንገድ ፈጽማ የተለየች ሆና፣ ባልዋ ሁዋን ዴ ፓዲያ በንጉሠ ነገሥት ካርሎስ ላይ በማመፁ በ1521 አንገቱ ከተቈረጠ በኋላ፣ የቶሌዶን ከተማ በዓመፅ ይዛ ስትዋጋ ቆይታ በስደት ወደ ፖርቱጋል ሄዳ ሞተች። ሴት ልጅ የእናቷን፣ ወንድ ልጅ የአባቱን ስም መያዙ በዚያ ዘመን የተለመደ ነገር ነው። ሠዓሊው ቬላስኬዝም ቢሆን ዓለም የሚያውቀው በእናቱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ሮድሪጌዝ ዴ ሲልቫ ነበረ።

አሁን ባሕሩን እንሻገር። አንቶኒዮ ዴ ሜንዶዛ በ1535 አዲሲቱ ስፔን ትባል ለነበረችው ለሜክሲኮ የመጀመሪያው እንደራሴ ሆኖ ተሾመ፤ 15 ዓመት ያህል ከገዛ በኋላ ወደ ፔሩ ተዛውሮ በ1552 በሊማ ሞተ። በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት በ1539 በሜክሲኮ የተከፈተው በእርሱ ዘመን ነው፤ የአዝቴክን ነገሥታት ታሪክና የገባሮቻቸውን ግብር በሥዕል የሚያሳየው፣ ዛሬ በኦክስፎርድ ያለው ታላቅ የእጅ ጽሑፍም ስሙን ይዞ የሜንዶዛ መጽሐፍ ይባላል። ሌላው የዚያ ቤት ሰው ፔድሮ ዴ ሜንዶዛ በ1536 ቦነስ አይረስን ለመጀመሪያ ጊዜ ቈረቈረ፤ በበሽታ ደክሞ ወደ አገሩ ሲመለስም በሚቀጥለው ዓመት በመርከብ ላይ ሞተ። በአንዲስ ግርጌ ያለችው ከተማ ግን በእርሱ የተሰየመች አይደለችም፤ በ1561 ፔድሮ ዴል ካስቲዮ የተባለ የጦር ሹም ሲያቋቁማት በዚያን ጊዜ የቺሌ ገዥ በነበረው በጋርሲያ ሁርታዶ ዴ ሜንዶዛ ስም ጠራት። ከ300 ዓመት በኋላ፣ በ1861፣ የምድር መንቀጥቀጥ ፈጽሞ አፈረሳት፤ ዛሬ ያለችው ከዚያ ወዲያ እንደ ገና የተሠራች ናት።

ነገር ግን ከተማ ስም ቢወስድ ዘር አይሆንም። ስሙ ወደ ብዙ ሕዝብ የገባው በሌላ በር፣ በቤተ ክርስቲያን በር ነው። የአገሩ ተወላጆች በተጠመቁ ጊዜ፣ በተለይ መኳንንቱ፣ የክርስትና አባታቸውን ስም ይቀበሉ ነበር። በእኛ አገር የክርስትና አባት የነፍስ ዝምድና ይሰጣል እንጂ የራሱን የአባት ስም ለልጁ አያወርስም፤ በዚያ ግን ሁለቱም ተያይዘው ይሰጡ ነበር። በምዕራብ ሜክሲኮ የነበረው የሚቾአካን መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ታንጋክሱዋን በ1530 በስፔን ሹም እጅ ተገደለ፤ ልጁ ግን በእንደራሴው ቤት አድጎ ላቲን ተማረና፣ የእንደራሴውን ስም ከአገሩ ስም ጋር አጣምሮ አንቶኒዮ ዊትሲሜንጋሪ ዴ ሜንዶዛ ተብሎ፣ በ1562 እስኪሞት ድረስ የወገኖቹ ገዥ ሆኖ ኖረ። የመኳንንቱን ምሳሌ ተራው ሕዝብ ተከተለው፤ በየጉልቱና በየእርሻው ያሉ ገባሮችና ባሪያዎችም የጌቶቻቸውን ስም ወሰዱ። በላቲን አሜሪካ ሜንዶዛ እንዲህ የበዛበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ከሰሜናዊቱ መንደር ወጥቶ ውቅያኖሱን የተሻገረው ወገን ጥቂት ነበረ፤ ስሙን የተሸከመው ግን ከእርሱ ጋር ምንም የደም ዝምድና የሌለው ሕዝብ ነው።

በአይሁድ ላይ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነው። በ1391 በስፔን ከተሞች በአይሁድ ላይ ጭፍጨፋ ከወረደ በኋላ፣ በ1492ም ወይ ተጠመቁ ወይ ከአገር ውጡ የሚል ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ከፍርሃት የተነሣ የተጠመቁት ሁሉ የዕብራይስጥ ስማቸውን ጥለው የክርስቲያን ቤተ ሰቦችን ስም ያዙ። ከልጅ ልጆቻቸው አያሌዎቹ ኋላ ወደ አምስተርዳምና ወደ ሎንዶን አምልጠው ወደ አባቶቻቸው ሃይማኖት በግልጥ ሲመለሱ፣ ያንን የግዴታ ስም ግን አልተዉትም። በ1764 በሎንዶን የተወለደው ዳንኤል ሜንዶዛ ከዚህ ወገን ነው። በቁመቱ ከተጋጣሚዎቹ ያነሰ ስለ ነበረ በኃይል ሳይሆን በእግር ቅልጥፍናና በመከላከል ብልሃት መዋጋትን አስተማረ፤ በ1790ዎቹም የእንግሊዝ ባለ ድል ሆነ፤ ስለ ቦክስም መጽሐፍ ጻፈ። በቶሌዶ መንበር ተቀምጦ የነበረው ካርዲናል ሦስት መቶ ዓመት ቢቈይና ይህን ሜንዶዛ ቢያየው ምን ይል ነበር?

በፊሊፒንስ ግን ነገሩ በአንድ ዐዋጅ የተፈጸመ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። የደሴቶቹ ሰዎች ከተጠመቁ በኋላ አብዛኞቹ «የመስቀል»፣ «የቅዱሳን» የሚሉትን የመሰሉ መንፈሳውያን ስሞች ይዘው ስለ ነበረ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማን ግብር እንደ ከፈለና ማን እንዳልከፈለ መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ገዥው ናርሲሶ ክላቬሪያ ኅዳር 21 ቀን 1849 ዐዋጅ አወጣ። 60 ሺህ ያህል ስሞች በፊደል ተራ የተጻፉበት መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ለየአውራጃው ተላከ፤ ከመጽሐፉም ገጾች እየተነጠሉ ለየከተማው ታደሉ፤ በየቤቱ ያለው አባወራም በካህኑና በሹሙ ፊት ከደረሰው ገጽ ላይ አንድ ስም እንዲመርጥ ታዘዘ። ገጾቹ በፊደል ተራ ስለ ታደሉ፣ በአልባይ አውራጃ ባለችው በኦአስ ከተማ የአብዛኛው ሕዝብ ስም በአንድ ፊደል ጀመረ፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ከአራት ትውልድ ጀምሮ ስም የነበራቸው ብቻ ያንኑ እንዲያጸኑ ተፈቀደላቸው። ስሞቹ ከአገሩ ቃላት፣ ከዕፅዋት፣ ከስፔን ከተሞችና ከስፔን መኳንንት ቤቶች የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሜንዶዛም ዛሬ በዚያ አገር እጅግ ከተዘወተሩት ስሞች አንዱ ሆኖ ይገኛል።

በስፔን ራሱ የአሁኑ ሥርዓት የጸናው ከ1870 የሲቪል መዝገብ ሕግ ወዲህ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም፣ የአባቱን አንድ የእናቱን አንድ፣ እንዲይዝ አደረገ። ሴት ስታገባም፣ እንደ አገራችን ሴት፣ ስሟን አትለውጥም። ለረጅም ዘመን የአባት ስም ይቀድም ነበር፤ በ1999 ወላጆች ተስማምተው ተራውን እንዲያዛውሩ ተፈቀደ፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የአባት ቀዳሚነት ቀርቶ ወላጆች ራሳቸው የሚወስኑት ሆነ። በዚህ መንገድ ማሪያ ፓቼኮ በልማድ ያደረገችውን ዛሬ አንዲት ሕፃን በሕግ ታደርገዋለች።

ስለ ዘሩ ማወቅ የሚፈልግ አንድ ሜንዶዛ ግን የሚጀምረው ከየት ነው? በየቱሪስቱ መንደር «የሜንዶዛ ቤተ ሰብ ዓርማ» እያሉ ጋሻና ጌጥ ያለበት ወረቀት የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለተወላጆቹ ነው እንጂ ለስም አይደለምና ከእነርሱ መግዛት ገንዘብን በከንቱ መጣል ነው። የሚያዋጣው በየደብሩ ያለው መዝገበ ጥምቀት ነው። በካርዲናል ሜንዶዛ እግር የተተካው የቶሌዶ ሊቀ ጳጳሳት ሲስኔሮስ በ1490ዎቹ መጨረሻ ባደረጋቸው ጉባኤያት ካህናቱ የሚጠመቁትን ሕፃናት ከነወላጆቻቸውና ከነክርስትና አባቶቻቸው እንዲመዘግቡ አዝዞ ነበር፤ ይህም ልማድ ኋላ ከትሬንት ጉባኤ ወዲህ በካቶሊካውያን ዘንድ ጸና። ከዚያ መዝገብ ላይ ሰው ወደ ኋላ እየቈጠረ ሲሄድ የሜክሲኮው ሜንዶዛ የክርስትና አባት ስም ላይ፣ የማኒላው ደግሞ በ1849 ላይ ደርሶ ይቆማል።